«ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው»

(ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ትምህርት ቤት መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት። የመጨረሻውን የጥያቄ ክፍል ብቻ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ?

ኧረ ጠንከር አድርጉት፤ እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው እንጂ። ምሳ ተበልቷል፤ ቅዳሜ ነው፤ የሚታረም ፈተና ደግሞ ቤት ይጠብቃል። አውቃለሁ። ስለዚህ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ቢኖር አልቀየምም። ካንኮራፋ ግን ጎረቤቱ ይቀስቅስልኝ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሪከርድ ክፍል እህቶቼ፣ ከፋይናንስ የመጣችሁ፣ እዚያ ኋላ በሩ ሥር የቆማችሁ የአይሲቲ ልጆች፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰው ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሆነ?» ብዬ አይደለም። «ፋይልህ የት ነው ያለው?» ብዬ ነው። ምን እንደሆነማ ከፍቼ አየዋለሁ። ፋይሉ የት እንዳለ ግን ባለቤቱ ቢነግረኝ ይሻላል። ታዲያ መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ «ዴስክቶፕ ላይ ነው ያለው»። እሺ፣ ዴስክቶፕስ የት ነው ያለው? እዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል። አንዳንዱ ስክሪኑን በጣቱ ያሳየኛል። «ይኸው! እዚህ!»

ዛሬ የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይዟቸው የሚመጣቸው ፎልደሮች የት እንደተቀመጡ። ሁለተኛ፣ እኛ ወደምንፈልገው ቦታ እንዴት እንደምናዛውራቸው፤ ረጅሙ እሱ ነው። ሦስተኛ፣ እኛ ሳናውቅ ማን እንደሚያዛውርብን። ከዚያ ጥያቄ።

«ለምን ዛሬ?» ትሉኝ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ቅድም ቢሮዎቹን ስዞር እንዳየሁት እዚህ ብዙ ዊንዶውስ 10 አለ። ስለዚህ ዛሬም ሆነ ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ዊንዶውስ 11 ልጫንላችሁ» ማለቱ አይቀርም። መጫን ደግሞ እኛ አገር ምን ማለት ነው?

(ከአዳራሹ፦ «ፎርማት!»)

አዎ። ፎርማት። ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነገር። ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱት። ፋይል ኤክስፕሎረር ግቡ። ሲ ድራይቭን ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ራሱ የተቀመጠበት የዲስኩ ክፍል ነው። ዩዘርስ የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ በእናንተ ስም ወይም ኮምፒውተሩን መጀመሪያ በከፈተው ሰው ስም የተሰየመ ፎልደር ታያላችሁ። እሱን ክፈቱ። ምን አለ? ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ሚውዚክ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ። አያችሁ? ዴስክቶፕ ፎልደር ነው። ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ የምታዩት እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ታዲያ ዴስክቶፕ የት ነው? ሲ ላይ። ዶክመንትስ የት ነው? ሲ ላይ። የልጆቻችሁ ፎቶስ? ሲ ላይ። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ሁሉ? እሱም ሲ ላይ።

አሁን ነገሩን ከፎርማት ጋር አገናኙት። ኮምፒውተሩ ቀስ አለ? ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ገባ? ፎርማት ይደረግ። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? እሱም ፎርማት ይደረግ! ባለሙያው ሲጀምር «ዲ አይነካም፤ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው» ይላል። ዲ ሌላው የዲስኩ ክፍል ነው። እውነቱን ነው። ባለቤቱ ደግሞ «ሲ ላይ ምንም የለኝም፤ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነው» ይላል። እሱም ከልቡ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ፋይሉ ግን ይጠፋል።

አንድ ጎረቤት አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በማስተማር ዘመናቸው ያወጧቸውን ፈተናዎች፣ ሌሰን ፕላኖች፣ በእጃቸው ስለው ስካን ያደረጓቸውን ካርታዎች፣ ሁሉንም ዶክመንትስ ውስጥ በዓመት በዓመት ለይተው አስቀምጠዋል። ሥርዓታቸው የሚያስቀና ነበር። አንድ ቀን ላፕቶፑ ቀስ አለባቸውና አንድ ሱቅ ወሰዱት። ሲመለስ እንደ አዲስ ይበራል። ዶክመንትስ ግን ባዶ ነው።

እኔ ጋ መጡ። «ዲ አይነካም ብሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ። ዲን ከፈትኩት። አንድ የሰርግ ቪዲዮ ብቻ ነው ያለው። «አልተነካም ጋሼ» አልኳቸው። «እንደሰጡት ነው የመለሰልዎት።» ሳቁ፤ እግዜር ይስጣቸው። ዲስኩ የድሮው ዓይነት ስለነበር በማዳኛ ሶፍትዌር የተወሰነውን አወጣሁላቸው። ፋይሎቹ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ብቻ ነው የወጡት። የትኛው የ9ኛ ክፍል፣ የትኛው የ10ኛ እንደሆነ አንድ በአንድ እየከፈቱ ለዩ። ያ ዲስክ አዲሱ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ቢሆን ኖሮ ግን ይሄም አይገኝም ነበር። ኤስኤስዲ የጠፋ ፋይል የነበረበትን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ዛሬ የምትገዟቸው ላፕቶፖች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤስኤስዲ ናቸው።

ግን ለምንድነው ይሄ ሁሉ ሲ ላይ የተከመረው? እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የታሪክ መምህራን አታርሙኝ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻና 1970ዎቹ መጀመሪያ ቤል ላብስ በሚባል የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሚባሉ ሰዎች ዩኒክስ የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ሠሩ። በ1974 ስለዚህ ሲስተም ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ማሽናቸውን ሲገልጹ፣ ሲስተሙ በአንድ ዲስክ፣ የተጠቃሚዎቹ ፋይል ደግሞ በሌላ ዲስክ እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። ልብ በሉ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት! የዩኒክስን መንገድ የተከተለው ሊኑክስ ዛሬም ሆም የሚባለውን የተጠቃሚ ቤት በራሱ ፓርቲሽን፣ ማለትም በራሱ የዲስክ ክፍል፣ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ሲስተሙን አፍርሰህ ስትጭን ሆም አይነካም።

ዊንዶውስም የሰውን ፋይል ከሲስተሙ ለይቷል፤ ግን የለየው በፎልደር ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣውን ኤክስፒን የምታስታውሱ አላችሁ? ማይ ዶክመንትስ ነበር የሚለው። በ1999 ዓ.ም. ቪስታ ሲመጣ ማይ የምትለዋን ጥሎ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር አመጣ። ዩዘርስ እስከ ዛሬም አለ። ቦታው ግን ያው ሲ ነው። ደግሞ አልፈርድበትም። ዊንዶውስ እናንተ ዲ ይኑራችሁ አይኑራችሁ በምን ያውቃል? ሲ ግን ሁልጊዜ አለ። እዚያ አስቀመጠው፤ ቀሪውን ለእኛ ተወልን። እኛም ተውነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ደብተር ያላችሁ ጻፉ።

እነዚህ ፎልደሮች ሲ ላይ ካልሆኑ አይሠሩም የሚል ነገር የለም። ወደ ዲ ይዛወራሉ። ስማቸውም ሥራቸውም አይለወጥም። ዎርድ ላይ ሴቭ ስትሉ ያው ዶክመንትስ ነው የሚላችሁ፤ ፋይሉ ግን ዲ ላይ ያርፋል።

እንዴት? መጀመሪያ ዲ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። አንዱን ዶክመንትስ፣ አንዱን ዴስክቶፕ፣ አንዱን ፒክቸርስ በሉት። ከዚያ ሲ፣ ዩዘርስ፣ የእናንተ ስም። ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ። ፕሮፐርቲስ። ከላይ ሎኬሽን የሚል ታብ አለ፤ እሱን። ከዚያ ሙቭ የሚለውን። ዲ ላይ የፈጠራችሁትን ዶክመንትስ ምረጡና አፕላይ በሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል፤ «ድሮ ቦታው ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ወደ አዲሱ ልውሰዳቸው?» የስ በሉ። የስ! ኖ ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አሁን እነግራችኋለሁ።

ሎኬሽን የሚለውን ታብ ያላገኘ? ፎልደሩን የከፈታችሁት በሌላ መንገድ ስለሆነ ነው። በሲ፣ በዩዘርስ በኩል ግቡ።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጎትቼ ዲ ላይ ብጥለውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰው ሰፈር ሲቀይር ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ብቻ አይሄድም። ቀበሌ ሄዶ መሸኛ ያወጣል፤ አዲሱ ቀበሌ ይመዘገባል። ያለዚያ ደብዳቤው ሁሉ ድሮ ቤቱ ነው የሚሄደው። ሎኬሽን ላይ ሙቭ ማለት መሸኛው ነው። ያንን ስታደርጉ ዎርድም፣ ኤክሴልም፣ ብራውዘሩም አዲሱን አድራሻ ያውቃሉ። ጎትታችሁ ስትጥሉ ግን ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ ድራይቭ ስትጎትቱ ኮፒ ነው የሚያደርገው። ድሮውም ቦታ አለ፤ አዲሱም ቦታ አለ። ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሁለት መሆኑ ምን ያመጣል? አንድ ትምህርት ቤት፣ የእናንተ አይደለም፣ የት እንደሆነም አልናገርም፣ የሪከርድ ክፍሏ ልጅ ዶክመንትስን ጎትታ ዲ ላይ አስቀመጠች። ጥንቃቄ መሆኑ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ መምህራን ማርክ ሲያስተካክሉ ኤክሴል ከፍታ ሮስተሩን፣ የተማሪዎቹን የማርክ ሰንጠረዥ፣ ታርማለች። ኤክሴል የሚከፍትላት ግን የሲውን ነው። ሰርተፍኬት የሚያትመው ሌላ ሰው ደግሞ «ፋይሉ ዲ ላይ ነው» ተብሏልና የዲውን ከፍቶ አተመ። ያልታረመውን! ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተ ከእኔ በላይ ትገምታላችሁ። ወላጅ መጣ። «ልጄ 87 አምጥታ 78 ተጻፈ።» እሷም «አርሜዋለሁ» ብላ ማለች። አታሚውም «እንዳለ ነው ያተምኩት» ብሎ ማለ። ሁለቱ ሊኮራረፉ ሲሉ ነው የተጠራሁት። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ የተሻሻሉበትን ቀን ሳሳያቸው ነው ነገሩ የበረደው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይሄ ድሮ ቦታ የሚቀር ፋይል ጉዳይ ቀላል አይምሰላችሁ። ራሱን ማይክሮሶፍትን አሳስቶታል። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 አንድ ትልቅ አፕዴት አወጣ። 1809 ይባላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቆመው። ለምን? የአንዳንድ ሰዎችን ፋይል አጠፋ። የእነማንን? ዶክመንትሳቸውን ወይም ሌላውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው ድሮ ቦታው ፋይል የቀረባቸውን። አፕዴቱ ድሮ ቦታ የቀረውን ፎልደር «ይሄማ ባዶ ትርፍ ነው» ብሎ አጠፋው። ባዶ አልነበረም። ማይክሮሶፍት እንዳለው ችግሩን ያመለከተው ከ10,000 አንድ ያህል ነው። ትንሽ ነው? ለዚያ ለአንዱ ሰው ትንሽ አይደለም። አፕዴቱ ተስተካክሎ እንደገና የወጣው ኅዳር 4 ነው። አሁን ያ ችግር የለም፤ አትፍሩ። ግን የስ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ድሮው ቦታ ምንም አትተዉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያው፣ ሙቭ ስትሉ ዲን ራሱን አትምረጡ። ዲ ላይ ያለ ፎልደር ምረጡ። ዲን ራሱን ከመረጣችሁ ሙሉ ዲ ዶክመንትስ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ መመለሱም ያታክታል። ሁለተኛው፣ ሁለት ፎልደሮችን አንድ ቦታ አትላኩ። ፒክቸርስንም ዶክመንትስንም ወደ አንድ ፎልደር የላከ ሰው አጋጥሞኛል። ተደባለቁ። ልለያያቸው ስል «ሪስቶር ዲፎልት» የሚለውም እሺ አላለኝም። ሬጂስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ ውስጥ ገብቼ ነው የለየኋቸው። እናንተ እዚያ እንድትገቡ አልመክርም።

ደግሞ በስማችሁ የተሰየመውን ፎልደር እንዳለ አታዛውሩ። ስሙንም አትቀይሩት። ውስጡ ተደብቆ የተቀመጠ አፕዳታ የሚባል አለ፤ የፕሮግራሞቹ ጓዳ ነው፤ አትንኩት። በነገራችን ላይ ስሙ የተቆረጠባችሁ አላችሁ? ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ስትከፍቱት የኢሜይላችሁን የመጀመሪያዎቹን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ወስዶ ለፎልደሩ ስም ይሰጠዋል። ወንድወሰን የሚባል ወዳጄ «ወንድው» ሆኖ ቀርቷል። ያናድዳል፤ ግን ጉዳት የለውም። ተዉት።

አሁን ሁሉንም ወደ ዲ አዛወራችሁ እንበል። ባለሙያ መጥቶ ሲን ፎርማት አደረገ። ዊንዶውስ 11 ገባ። ዶክመንትስን ትከፍታላችሁ፤ ባዶ ነው! ልባችሁ ቀጥ አለ። አትደንግጡ። አዲሱ ዊንዶውስ ድሮ የነገራችሁትን አያውቅም፤ የራሱን ዶክመንትስ ሲ ላይ ከፍቷል። የእናንተ ፋይል ዲ ላይ እንዳለ ነው። እንደገና ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ፣ ዲ ላይ ያለው ያው ፎልደር። ፎልደሩን ስትከፍቱ «ፈቃድ የለህም» ቢላችሁ ኮንቲኒው በሉ፤ ይከፈታል።

ግን፣ ግን፣ ግን። ከፎርማት በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ዲስኩ ተቆልፏል ወይ?» ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ይቆልፈዋል። ሌባ ቢወስደው እንዳያነበው ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ዲም አብሮ ይቆለፋል። ኮምፒውተሩ ደህና እያለ አይታወቃችሁም፤ በራሱ ይከፍተዋል። ሲ ፎርማት ሲደረግ ግን ዲ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። በቃል የሚያዝ አይደለም። የሚገኘው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያ አካውንት የማን ነው? የእናንተ ነው? ወይስ ላፕቶፑን የሸጠላችሁ ልጅ የከፈተው? የይለፍ ቃሉን ታውቁታላችሁ? ነገ ሳትሉ ዛሬ ማታ እዩት። ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ቋንቋ መምህራን አንድ ጎን ወሬ። ድሮ በፓወር ግዕዝ የጻፋችኋቸው ፋይሎች አሉ አይደል? ከፎርማት በኋላ ስትከፍቷቸው ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ዝብርቅርቅ ሆኖ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? ፋይሉ አልተበላሸም። ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደል አሠራር ባልተሠሩት በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ፎንቱ ደግሞ ያለው ዶክመንትስ ውስጥ ሳይሆን ሲ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ፎንቱን መልሳችሁ ስትጭኑ ይመጣል። ስለዚህ የፎንቶቹንም ኮፒ ከፋይሎቹ ጋር ዲ ላይ አኑሩ።

ሁለተኛውን ሳልዘጋ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ዲ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ኮፒ ማለቴ ነው፣ አይደለም። እደግመዋለሁ፤ ዲ ባክአፕ አይደለም! ሲና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው። ፎርማት ሲን ለይቶ ይመታል። የዲስክ ብልሽት፣ ሌባ፣ የፈሰሰ ቡና ግን ለይተው አይመቱም። ሮስተር፣ የሞዴል ፈተና፣ የልጅ ፎቶ ከዚያ ማሽን ውጪ ሌላ ቦታ መኖር አለበት። ከውጪ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ግዙ፤ ዋጋው ከፍ ካለባችሁ ዲፓርትመንቱ ተባብሮ አንድ ይግዛ። ፍላሽ? ፍላሽ ለማመላለሻ ነው። በየፎቶኮፒ ቤቱ ስትሰኩት ፋይላችሁን ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። የሕይወት ዘመን ሥራ እሱ ላይ አይጣልም።

ሦስተኛው። ሳናውቅ የሚያዛውርብን ማነው?

ዋንድራይቭ ነው፤ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ የፋይል ማስቀመጫ። ዊንዶውስ 11ን በማይክሮሶፍት አካውንት ስትጀምሩ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን ወደ ዋንድራይቭ ፎልደር ሊያስገባቸው ይችላል። አንዳንዴ ይጠይቃል፤ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። አንዳንዴ ብዙም አይጠይቅም። ከዚያ ፋይሎቹ ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምራሉ። በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋ ባይት ነው። ሲሞላ «ቦታ አልቋል፣ ግዛ» እያለ ይጨቀጭቃችኋል። ከሞባይል ኢንተርኔት ስታጋሩት ደግሞ ፓኬጃችሁን ማን እንደበላው ሳታውቁ ያልቃል።

መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ዋይፋይ ላለው ሰው ከማሽን ውጪ ያለ ኮፒ ማለት ነው፤ አሁን ያወራሁላችሁ ነገር። ላፕቶፑ የተሰረቀበት ሰው ቢሮ መጥቶ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ሁሉንም ፋይሉን ሲያገኝ አይቻለሁ። ቅር የሚለኝ ሰው ሳያውቀው መሆኑ ነው። ፋይሉ ላይ የደመና ምልክት ካያችሁ እሱ ፋይል ማሽናችሁ ላይ የለም፤ ስትከፍቱት ነው የሚወርደው። ኔትወርክ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ሰክታችሁ ተማሪ ፊት ብትከፍቱት ምን ይሆናል? አይከፈትም።

የት እንዳሉ ለማወቅ ቅድም ያልኳችሁን ሎኬሽን እዩት። ዋንድራይቭ የሚል ቃል ካለበት ተዛውሯል። ካልፈለጋችሁት ከታች በሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት ተጭናችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ ማኔጅ ባክአፕ፣ አንድ በአንድ አጥፉት። ስታጠፉት ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሊቀሩና ዴስክቶፕ ባዶ ሊመስል ይችላል። አልጠፉም። ከዚያ ከት አድርጋችሁ መልሷቸው። ወደ ዲ ማዛወር የምትፈልጉም መጀመሪያ ይሄን አጥፉ።

ሁለተኛው አዛዋሪ ቴሌግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ የጫናችሁት ቴሌግራም የምታወርዱትን ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ከፍቶ ይከምራል። ከፈለጋችሁ ሴቲንግ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብታችሁ የሚያወርድበትን ቦታ ወደ ዲ ቀይሩ። ዳውንሎድስን በተመለከተ የእኔ አስተያየት አጭር ነው። የሚፈለገውን ዕለቱኑ ወደ ቦታው ውሰዱ፤ የቀረውን አጥፉ። ዊንዶውስ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል ነገር አለው፤ ያልተከፈቱ የዳውንሎድስ ፋይሎችን ከ30 ወይም ከ60 ቀን በኋላ አጥፋ ብላችሁ ልታዙት ትችላላችሁ። ካላዘዛችሁት ግን ዳውንሎድስን አይነካም። እኔ አላዘውም። የመምህር ዳውንሎድስ ውስጥ ከሚኒስቴር የወረደ ሰርኩላርም ይኖራል።

አበቃሁ። ጥያቄ?

(አንድ መምህር፦ «የእኔ ላፕቶፕ ሲ ብቻ ነው ያለው። ዲ የለውም።»)

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። መክፈል ይቻላል፤ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲን አሳንሶ ዲ መፍጠር ነው። 256 ጊጋ ከሆነ ግን አልመክርህም፤ ሁለቱም ይጠባሉ። አንተ ኤክስተርናል ግዛ። ፎርማት የሚያደርግልህ ሰው ሲመጣ ደግሞ «ሲ ላይ ምንም የለኝም» እንዳትለው። «ዩዘርስ ውስጥ ስሜ ያለበትን ፎልደር መጀመሪያ ኮፒ አድርግልኝ» በለው። ኮፒውን በዓይንህ እየው።

(ከፋይናንስ፦ «የፒችትሪ ዳታችንስ? ዶክመንትስን ብናዛውር አብሮ ይሄዳል?»)

አይሄድም፤ እንኳን ጠየቅሽኝ እቴ። ፒችትሪ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ የድርጅቱን ዳታ ዶክመንትስ ውስጥ አያስቀምጥም። የራሱ ቦታ አለው። ጎትተሽ እንዳትወስጂው። ፒችትሪውን ከፍተሽ ፋይል፣ ባክአፕ በይ፤ አንድ ፋይል ይሠራልሻል። እሱን ዲ ላይም ኤክስተርናል ላይም አስቀምጪ።

(ከኋላ፦ «ማክስ?»)

ማክ ያለው ማነው? አንተ ነህ? ሀብታም! ማክ ላይም ዩዘርስ ውስጥ ስምህ አለ፤ ፎልደሮቹም ያው ናቸው። ሲና ዲ የሚባል የለም። አይክላውድ፣ የአፕል ዋንድራይቭ በለው፣ ዴስክቶፕህንና ዶክመንትስህን እንዳልወሰዳቸው ግን ሴቲንግ ውስጥ እይ። እሱም በነጻ 5 ጊጋ ነው።

እሺ፣ አሁን በተግባር እናድርገው። አንድ ሰው ላፕቶፑን ፕሮጀክተሩ ላይ ይሰካና ዶክመንትሱን እዚሁ ወደ ዲ እናዛውራለን። ማን ይመጣል? እትዬ፣ እርስዎ ይምጡ። ዲ ላይ ስንት ጊጋ ክፍት አለዎት? በቂ ነው። ዎርዱንና ኤክሴሉን ይዝጓቸው፤ የተከፈተ ፋይል አይዛወርም። ቻርጀሩንም ይዘው ይምጡ፤ መሃል ላይ ባትሪ ቢያልቅ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ሶኬቱ እዚህ ጋ ነው።